ለዓመታት ለቆመች ፔጆ 404፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሐረር ነው። አባቴ ታክሲ ይሠሩባት የነበረች፣ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል የሆነች ፔጆ 404 ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ስምንት ዓመት አልፏታል። እዚያው ግቢ ውስጥ በገዛ እጄ አድሼ ልነዳት፣ ፈጣሪ ከፈቀደም ድሬዳዋ ድረስ ልወርድባት እፈልጋለሁ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ላስነሣት ስል ጎረቤቴ ከለከሉኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ‹ሞተሯ አርጅቷል፣ የቶዮታ ሞተር ይገጠምባት› ይላል። ከምን ልጀምር?»

ጎረቤትዎ መከልከላቸው ትክክል ነው። ለዓመታት በቆመች መኪና ላይ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ባለቤቷ ጓጉቶ ቁልፉን ባዞረባት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ሐረር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብረቱ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚበላሹት ፈሳሾቹና ጎሚኒዎቹ (ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያሽጉት የጎማ ክፍሎች) ናቸው። ቤንዚኑ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፣ የራዲያተሩ ውሃ የሞተሩን አሉሚኒየም ይበላል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ሲሊንደሩን ያለሰልስ የነበረው ዘይት ተንጠፍጥፎ ያልቅና ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ከፈሳሽና ከጎሚኒ ይጀምሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ፍሬኑን ያስቀድሙ። ፍሬኑን ከሞተሩ የማስቀድምበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሞተር አንዴ ከተነሣ በኋላ «እስኪ እስከ በሩ ልንዳት» የማይል ባለቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያ ለወንድምዎ ልመልስ። ሐሳባቸው ከቅንነት የመጣ እንደሆነ ይገባኛል፤ የቶዮታ መለዋወጫ በየሱቁ ይገኛል፣ መካኒኩም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ 404 ሞተሯን ብቻ አውጥቶ ሌላ የሚተኩባት መኪና አይደለችም። ኃይሉን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ የሚሽከረከረው በአንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦው በኋላ ጫፉ ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎቹ ከሚያካፍለው የማርሽ ክፍል) ጋር በቡሎን ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ በፊት ጫፉ ደግሞ ካምቢዮው ላይ በኳስ መሰል መጋጠሚያ ያርፋል። መኪናዋን ወደ ፊት የሚገፋት ይህ ቱቦ ነው፤ የኋላውን አክስል በቦታው ይዞ የሚያቆመውም እርሱ ነው፤ የኋላ ሞላዎቹ ክብደት ከመሸከም በቀር አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የመያዝ አቅም የላቸውም። የቶዮታን ሞተር ከነካምቢዮው ያስገባ ሰው ቱቦውን መቁረጡ አይቀርም፤ ቱቦው ከተቆረጠ አክስሉ መለወጥ አለበት፤ አክስሉ ከተለወጠ የኋላ ፍሬኑም የሞላው ማረፊያም አብሮ ይለወጣል። በመጨረሻ እጅዎ ላይ የሚቀረው የአባትዎ መኪና ሳይሆን በብየዳ የተገጣጠመ ሌላ ነገር ነው፤ ወጪውም ዋናውን ሞተር በሚገባ ከማደስ በብዙ ይበልጣል።

የሞተሩ ነገር ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ባለ 1,618 ሲሲው የ404 ሞተር ሊጠገን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሲሊንደሮቹ በውሃ የተከበቡ፣ ተነቅለው የሚለወጡ ካሚቻዎች (ፒስተኑ የሚንሸራተትባቸው እጅጌዎች) ስለሆኑ ብሎኩን ሳያስፍቁ አዲስ ፒስተንና ካሚቻ ይገባሉ። ፒኒንፋሪና ቅርጿን የነደፈላት ይህች የቤተሰብ መኪና በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ ወጥታለች፤ በ1963ና በ1968 ጭቃው ሌላውን ሁሉ አስቀርቶ መጨረሻ የደረሱት መኪኖች ሰባት ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ መኪና አርጅቷል ተብሎ አንጀቱ ሊወጣ አይገባም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ምንጣፉን ሁሉ አንሥተው ወለሉን፣ ከበሮቹ ሥር የሚያልፈውን ሳጥን መሰል ብረትና ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያሉ ይፈትሹ። መኪናዋ ራሱን የቻለ ሻሲ ስለሌላት ክብደቱን የሚሸከመው ይህ ሳጥን ነው፤ ካቻቢቴው ወደ ውስጥ ከገባ ክሪክ ላይ ከማውጣትዎ በፊት ብየዳ ያስፈልጋል። ኮፈኑን ከፍተው የፊት አሞርቲዛተሮቹ አናት የሚታሰርበትንም ቦታ በሁለቱም በኩል ይመልከቱ። በታክሲነት ዘመኗ የተለጠፈባት ስቱኮ ብዙ ሊሆን ስለሚችል በቀለሙ አይታለሉ፤ ማግኔት ይዘው ሲዞሩ የማይስብበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። የሚበይደው ባትላሜራ ከመምጣቱ በፊት ግን የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ከግቢው ራቅ ማለት አለበት። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና።

ፍሬን። የኋላውን ታምቡር ሲያወልቁ የሚያዩትን አቧራ በአፍዎም በኮምፕረሰርም አይንፉት፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው፤ በውሃ አርሰው በጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን አሥረው ይጣሉት። ቀጥሎ በዊል ሲሊንደሩ (ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ በሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር) ጫፍ ያለችውን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ ያድርጉ። ደረቅ ከሆነች ደስ ይበልዎ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ወፈር ያለ ቡናማ ዝቃጭ ነው። ፒስተኖቹን አውጥተው የሲሊንደሩን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉና ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ላይኛው ገጽ እንደ መስተዋት ሲያበራ ታችኛው ተቦርቡሮ ያገኙታል፤ ዘይቱ የጠጣው ውሃ ወደ ታች ወርዶ ለዓመታት የተቀመጠው እዚያ ነውና። በጥፍርዎ ሲዳስሱት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ቢገባበትም በሳምንቱ ተቆርጦ ያፈሳል። አዲስ ሲሊንደር ካልተገኘ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ውስጡን አስፍቶ የነሐስ እጅጌ ያስገባበታል። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በተለይ በቀድሞው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያውን የተማሩ ሰዎችና እነርሱ ያሠለጠኗቸው ልጆች ባሉባቸው የቶርኖ ቤቶች፣ ይህ ሥራ በጥንቃቄ ይሠራል። ከሌላ መኪና የወጣ «ተቀራራቢ» ጎሚኒ ግን በፍጹም አያስገቡ። ክፍሎቹን በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይጠቡ፤ ጎሚኒው ያብጣል። በአልኮል ወይም በአዲስ የፍሬን ዘይት ይታጠባሉ።

ተጣጣፊ ቱቦዎቹን፣ ውጫቸው ደህና ቢመስልም፣ ሁሉንም ይለውጡ። ያረጀ ቱቦ ውስጡ አብጦ ይጠብና ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት ያሳልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመልስም፤ ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ታምቡሩ ይግላል፣ ባለቤቱም ሸራ ይቀያይራል። የዚያ ዘመን 404 በአብዛኛው የፍሬን መስመሯ አንድ ነው። በአራቱ ጎማ ካሉት ጎሚኒዎች አንዱ ቢቀደድ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬንም አይኖርም፤ ስለዚህ «ሦስቱ ደህና ናቸው» የሚባል ነገር የለም። የእጅ ፍሬኑም ጌጥ ስላልሆነ ገመዱን አላቅቀው ያለስልሱት፤ ተዳፋት ላይ መኪናዋን ብቻውን መያዝ አለበት።

የፍሬን ዘይቱን ዶት 4 የሚባለውን ደረጃ ያድርጉት። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ይህን የምዘረዝረው እርስዎ «ድሬዳዋ ድረስ» ስላሉ ነው። በመንገዱ ላይ ካለው ከደንገጎ ቁልቁለት አፋፍ እስከ ድሬዳዋ መውረድ ማለት ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ማለት ነው። ሰውና ዕቃ የያዘች 1,300 ኪሎ ያህል የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ ታምቡሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም፤ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ፍሬኑ ካለቀ በኋላ ወደ ሞተሩ ይሂዱ። አራቱን ካንዴላዎች አውልቀው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለው ጥቂት ይጨምሩ። የ404 ሞተር 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ ስለተቀመጠ የጨመሩት ፈሳሽ በአንድ ወገን ብቻ ይተኛል፤ ላይኛው ወገን ያለው ፋሻ ሳይርስ ይቀራል። ስለዚህ ከለመዱት በላይ አብዝተው ይጨምሩ፣ በየቀኑ ይድገሙት፣ አንድ ሳምንትም ይስጡት። ከዚያ በማኒቬላ (ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ዘንግ) ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ለማኒቬላው ቀዳዳ ያላት መኪና መሆኗ እዚህ ላይ ትልቅ በረከት ነው። እምቢ ካለች አይታገሏት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ ያወዛውዟት፣ ናፍጣውን ይጨምሩ፣ በማግሥቱ ይመለሱባት። መኪና አስጎትቶ በማርሽ ማስገደድ የተያዘ ፋሻ ይሰብራል። ካንዴላው ገብቶ በማኒቬላ ማስነሣት ሲፈልጉ ደግሞ አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርጉ እንጂ እጀታውን አይጨብጡበት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣት ይሰብራል።

ሞተሩ በእጅ እንደ ልብ ከዞረ ናፍጣው ወደ ታች ስለወረደ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው «20 ደብሊው 50» የሚባለውን የሞተር ዘይት 4 ሊትር ያስገቡ። እንግዲህ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ይከፈት አይከፈት የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ካልታየ፣ ሞተሩም ከተነሣ በኋላ የአራቱ ሲሊንደር ግፊት ተቀራራቢ ከሆነ፣ አይክፈቱት እላለሁ። መክፈት የግድ ከሆነ አንድ ነገር አደራ፦ ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ካሚቻዎቹን ከላይ ጭኖ የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ፣ አንድ ሰው ሳያውቅ ማኒቬላውን ቢያዞር ፒስተኑ ካሚቻውን ይዞ ብድግ ያደርገዋል። ከሥሩ ያለችው ስስ ማሸጊያ አንዴ ከተንቀሳቀሰች አትመለስም፤ አዲስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገብቶ፣ ሁሉ ተጠብቆ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ውሃው ወደ ዘይቱ መውረድ ይጀምራል። መፍትሔው ቴስታታው እንደተነሣ በዚያው በቴስታታው ቡሎኖች ላይ ሰፋፊ ሮንዴላ አድርጎ የካሚቻዎቹን ጠርዝ ጫን አድርጎ ማሰር ነው። አሥር ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ሙሉ ሞተር ከማውረድ ያድናል።

የቫልቮላው ክፍተት ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የመግቢያው 0.10፣ የመውጫው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን ልኬት በደብተር እየጻፉ ይያዙት፤ ምክንያቱም ይህች መኪና የተሠራችው እርሳስ ላለው ቤንዚን ሲሆን ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ግን ከእ.ኤ.አ. 2006 መግቢያ ጀምሮ ያን ቤንዚን ማከፋፈል አቁመዋል። እርሳሱ የመውጫ ቫልቮላውን መቀመጫ ከመበላት ይከላከል ነበር። በየጊዜው ሲለኩ የመውጫው ክፍተት እየጠበበ ከሄደ ቫልቮላው መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ይኖርብዎታል። ካልጠበበ አይጨነቁ። ፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነው መገናኛ) 0.40፣ ካንዴላው 0.60 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ የእሳት ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ጃፓን ሠራሽ መኪና የለመደ መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ፔጆ አንደኛ ሲሊንደር ብሎ የሚቆጥረው በራዲያተሩ በኩል ያለውን ሳይሆን በቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ባለው ከባድ መዘውር) በኩል ያለውን ነው።

በማቀዝቀዣው ላይ ሐረርና ድሬዳዋ የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ሞላው ደክሞ ግፊት ካልያዘ መኪናዋ ሳትግል ውሃዋን ትተፋለች፣ ሰውም ቴስታታው ተቃጥሏል ብሎ ያስከፍታል። ድሬዳዋ ደግሞ አየሩ ራሱ ሞቃት ነው፣ የቧንቧውም ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ቅርፊት በሞተሩ ውስጥ ይጋገራል። የዝናብ ውሃ ወይም የባትሪ ውሃ ይጠቀሙ፤ ፀረ ዝገት ያለው የራዲያተር ፈሳሽም ይቀላቅሉበት፣ አሉሚኒየሙን የሚያድነው እርሱ ነው። የ404 የራዲያተር ማራገቢያ ሁልጊዜ አይዞርም፤ ውሃው ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ ይሽከረከራል። ብዙ ታክሲዎች ላይ ይህ ተበላሽቶ ማራገቢያው በቡሎን ታስሮ አይቻለሁ። ከመፍረድዎ በፊት ከባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ወስደው የማግኔቱን ካርቦን ገመድ ይንኩ፤ «ጠቅ» ብሎ ከያዘ ማግኔቱ ደህና ነው፣ የጎደለው የሙቀት ማብሪያው ነው። ካልያዘ ካርቦኑ ማለቁን ይመልከቱ፤ የሞተሪኖ ካርቦን ተሞርዶ ይሆናል።

ነዳጁን በተመለከተ ታንኩ ይታጠብ፣ የጎማ ቱቦዎቹ ይለወጡ፣ የቤንዚን ፖምፓው ወንፊት ይጽዳ፤ ካርቡራተሩም ተፈትቶ ጂግለሮቹ (ቤንዚን የሚያልፍባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች) በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይወጉ። ሐረር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ከባሕር ጠለሉ አምስት እጅ አራቱን የሚያህል ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተቀመረ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም እንዲሁ። ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ማሳነስ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ግን አያጥብቡት፤ ለሐረር ብቻ የተስተካከለ ካርቡራተር 1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ፣ በዚያ ሙቀትና በደንገጎ ዳገት ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ቫልቮላም ያቃጥላል። እዚህ ጥቂት መጥቆር እዚያ ከመቃጠል ይሻላል።

ዲፈረንሻሉን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ ብዙዎች ሳያውቁ የሚያበላሹት እርሱን ነውና። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ሌሎቹ ብረት በብረት አይደለም፤ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያለው ጎማ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚያዞረው። ድምፅ አልባነቷ የመጣው ከዚህ ነው። ፋብሪካው ያዘዘላት ዘይት ከጉሎ የሚሠራ ነበር፤ ይህ ማለት ግን ከጓሮ ጉሎ ተጨምቆ ይግባ ማለት አይደለም፣ የፋብሪካው ዘይት ሌሎች ማዳበሪያዎች ነበሩበት። ዛሬ በየሱቁ «የዲፈረንሻል ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ጂ.ኤል. 5 ውስጡ ያለው የድኝ ውሕድ ነሐሱን ሊበላው ስለሚችል እዚህ አይገባም። የሚገባው ለፋብሪካ ማሽኖች ተመሳሳይ የነሐስ ጥርስ ላላቸው ማርሾች የሚዘጋጀው፣ ቁጥሩ 460 የሆነው ወፍራም የኢንዱስትሪ ዘይት ነው፤ የድሬዳዋ ፋብሪካዎች ዘይት ከሚገዙባቸው ነጋዴዎች ዘንድ ይጠይቁ። የጉሎ ዘይትና የማዕድን ዘይት ስለማይዋሐዱ አሮጌውን ትኩስ ሳለ ሙሉ በሙሉ ያፍስሱት። የፈሰሰውን በነጭ ሳህን ተቀብለው ፀሐይ ላይ ይዩት፤ እንደ ወርቅ ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር በብዛት ካለ ነሐሱ እየተበላ ነው። ካምቢዮው ደግሞ ተራውን የሞተር ዘይት ይጠጣል።

መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት እዚያው ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ይሂዱ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የፔጆዎቹ ቁጥር ቢመናመንም ሾፌሮቹና መካኒኮቻቸው የትኛው ግቢ ውስጥ የቆመች 404 እንዳለች፣ ማን ዘንድ የፊት ሞላ እንደተቀመጠ ያውቃሉ። የአባትዎን ስም ሲሰሙም በር ይከፍቱልዎታል።

ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ ከተሞከረ በኋላ መጀመሪያ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ቀጥሎ እስከ ሐረማያ ደርሶ መልስ ይንዷት። በየጉዞው መጨረሻ አራቱንም ቸርኬዎች በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ ያ ፍሬን አልተለቀቀም። የቴስታታው ቡሎኖች ከነኳቸው፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። ከሥር ያሉትን የግሪስ ነጥቦች ሁሉ፣ በተለይ ከቱቦው ፊት ያለችውን የኳስ መጋጠሚያ፣ በየሁለትና ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ያጠግቧቸው፤ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይለውጡ፤ ባትጓዝ እንኳ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሯ በደንብ እስኪሞቅ ይንዷት እንጂ ቆማ አስነሥተው ብቻ አያጥፏት።

ደንገጎን ሲወርዱ ከአፋፉ ላይ ቆም ብለው ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ይጀምሩ፤ ፍጥነቱ ከበዛ ወደ ሁለተኛ ይመለሱ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጠው አይያዙት፤ ረገጥ አድርገው ፍጥነቱን ቆርጠው ይልቀቁትና ታምቡሩ ነፋስ ያግኝ። ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከገባ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎ ከመንገድ ወጥተው ድንጋይ ጎማው ሥር ያድርጉና እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ውሃ ግን አይድፉበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

ሸራና ጎሚኒ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለብኝ። በ404 ዕድሜ ውስጥ የፊት ፍሬኑ በታምቡርም በዲስክም ተሠርቷል፤ የታምቡሮቹም ስፋት ተለዋውጧል። የፊት ጎማውን አውልቀው ዲስክ ወይም ታምቡር መሆኑን፣ ታምቡር ከሆነ የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ በማስተር ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ የትኛው ልክ እንደሚገባ በዚያ መሠረት እነግርዎታለሁ።